የዘርፌ ዓይንና የእኔ ጨው

የነፍስ አባቴ ቁጡነቴን ያውቃሉ፤ ስስቴን ያውቃሉ፤ በወጣትነቴ ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰምተው፣ ስግደቱን አዝዘው፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውኛል። የዘርፌን ነገር ግን አያውቁም። ባለቤቴም ሳታውቀው ሞተች። ልጅ የለኝም፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር አብሮ ሊቀበር የተዘጋጀ ነገር ነው። ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅበትም። ለእናንተ የምናገረው አታውቁኝም ብዬ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንማ ዛሬም እንደ ልማዴ ዝም እል ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ በደሌም አይገባችሁም። ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ጎንደር ከተማ በአንድ ሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ደም አያለሁ፣ ሰገራ አያለሁ፣ አክታ አያለሁ። ይሄ ምኑ ያኮራል? እኔ ግን እኮራበት ነበር። ነጩን ካፖርት ሳላወልቅ ፒያሳ ወርጄ ማኪያቶ የምጠጣ፣ ሰው “ዶክተር” ብሎ ሲጠራኝ ሰምቼ የማላርም ሰው ነበርኩ።

በዚያው ሐኪም ቤት አንድ የውጭ አገር ዶክተር ነበር። ጠዋት በሽተኛ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ማንም ያላዘዘው የራሱ ሥራ ነበረው። ከደምቢያ ረግረግ ባመጣው ጭቃ ውስጥ አየር የማትወድ አንዲት ባክቴሪያ አግኝቶ፣ በጠርሙስ እያረባ፣ ከውስጧ ቀይ ፕሮቲን ያወጣ ነበር። የዚያን ፕሮቲን ቅርጽ ማወቅ ነበር ምኞቱ። ቅርጹ በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ለዚያም እንኳ እጅግ የረቀቀ ነው። ያለው መንገድ ፕሮቲኑ እንደ ጨውና እንደ ስኳር ጠርዝና ማዕዘን ያለው ክሪስታል ሆኖ እንዲጠጥር ማድረግ፣ ከዚያም ራጅ ማንሣት ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ፕሮቲኖቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ስለሚቆሙ፣ ጨረሩ በነሱ ሲያልፍ ተበትኖ ፊልም ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ከነጠብጣቡ በሒሳብ ቅርጹ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ የገባኝ ሩቡ ነው። የቀረውን ራሴን በመነቅነቅ አለፍኩት።

ራጁ የሚነሣው እሱ አገር ነው። ፈሳሹን እየላከ ሞክሮ ነበር፤ መንገድ ላይ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ ክሪስታሉን እዚሁ አብቅሎ በእጁ ይዞ ሊሄድ ቆረጠ። እኔንም ረዳት አድርጎ መረጠኝ። “ካማረልን አብረን ይዘነው እንሄዳለን፤ ፊልሙ ሲወጣ አንተም ታያለህ” አለኝ። ይህች አንዲት ቃል ናት ያሰከረችኝ። በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ የመጣ ሰው ምን ያህል እንደሚከበር የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ክሪስታል ማብቀል የሚሉት ሥራ አብዛኛው ዝም ብሎ መተው ነው። ንጹሑን ፕሮቲን በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ትቀዳለህ፤ የተለየ ጨው በጠብታ እየጨመርክ ሊደፈርስ ሲል፣ ገና ሳይደፈርስ፣ ታቆማለህ። ትወትፈዋለህ። ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ፣ ነገሩ እንዳይነቃነቅ መጠበቅ ነው። ለዚህ ሲል ዶክተሩ ከቁስቋም በታች የጣሊያን ዕቃ ቤት የነበረ አንድ ምድር ቤት ተከራየ፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ማኪና አጠገቡ አያልፍም። ፍሪጅ አምጥተን ነበር፤ መብራቱ መጣ ሄደ ሲል ፍሪጁም ሞቀ ቀዘቀዘ፣ አልሆነም። በመጨረሻ መላ የተገኘው ከሸክላ ነው። ትልቅ ጋን ውስጥ ሌላ አነስ ያለ ጋን ይቀመጣል፤ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በየጠዋቱ ውሃ ይጠጣል። በውስጠኛው ጋን ውስጥ የተደረደሩት ቱቦዎች ቀን ከሌት አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ያገኛሉ።

ጋኖቹን የሠራችው ዘርፌ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበር የምትመጣው። ባሏ ሞቷል፤ አንዲት ልጇን ደምቢያ፣ ኮላ ድባ ድራለች። ዶክተሩ ጋኖቹን ከገዛ በኋላ በየጠዋቱ እየመጣች አሸዋውን እንድታጠጣ ቀጠራት። በዕድሜ እናቴን ታህላለች፤ እኔ እትዬ ዘርፌ እላታለሁ፣ እሷ ሐኪም ትለኛለች። ሐኪም አለመሆኔን አልነገርኳትም፤ ደስ ይለኝ ነበራ።

ሸክላ ሠሪ ስል ያገሬ ሰው ወዲያው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ለሌላው ግን ልናገር። በእኛ ዘንድ ጭቃ አቡክቶ የሚሠራ፣ ብረትም የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባል ነበር። ቡዳ ነው ይባላል። በእጁ በሠራው ድስት ወጥ እንሠራለን፤ ስንበላ ግን እንዲያየን አንፈልግም። ልጅ ይዛ የምታልፍ እናት ሸክላ ሠሪ ስታይ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ዘርፌ ይህን ለምዳው ኖራለች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ቀና አትልም ነበር። ዘበኛው አያ ካሴ በሩን ከፍቶላት ፊቱን ያዞራል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያ ሆኖ ነው ያደገው።

ያ ምድር ቤት ብቸኛ ቦታ ነበር። ዶክተሩ ወሬ አይወድም። ጓደኞቼ ፒያሳ ላይ “ጨው ጠባቂው መጣ” እያሉ ይሳለቁብኛል። እኔ ከሰዓት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ፣ ምንም የማይንቀሳቀስ ነገር ስጠብቅ እውል ነበር። ሐኪም ቤት ተረኛ በማልሆንበት ቀን ጠዋትም እዚያው ነኝ። እንዲያ ባለው ጠዋት ያናገረኝ ሰው ዘርፌ ብቻ ናት። ማሰሮዋን አዝላ ትገባለች፤ አሸዋውን እያጠጣች ስለ ልጇ፣ ስለ ማገዶ መወደድ፣ ጎረቤቷ ስለሠራችው ጠማማ ጀበና ታወራኛለች። ሳቋ ጥሩ ነበር። ይህን ማለቴ ደግ እንድመስላችሁ አይደለም። የካድኩት ማንን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

አንድ ቀን ቱቦዎቹ ውስጥ ቀይ ነገር ታየ። በዓይን ሲታይ እንደ በርበሬ ብናኝ ነው። በማጉያ መነጽር ስታየው ግን ጠርዙ የተስተካከለ፣ የሚያበራ፣ ንጹሕ ቀይ ድንጋይ ይሆናል። ዶክተሩ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈኝ። በማግስቱ ዘርፌ ስትመጣ ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ “ነይ እዪ” አልኳት።

አፈገፈገች። “እኔ አላይም ሐኪም። ነገር የመጣ እንደሁ በኔ ነው የሚያላክኩት” አለችኝ።

“ይሄ የትምህርት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ እዚህ አይገባም። የሆነ እንደሆነ እኔ አለሁ” አልኳት።

እኔ አለሁ ብያታለሁ። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ማጉያውን በእጇ አስያዝኳት፤ አጎንብሳ አየች።

“ይሄማ ማዕዘን አለው። ማን ጠረበው?”

“ማንም አልጠረበው። ራሱ ነው እየተደረደረ የሚጠጥረው።”

“ራሱ? እኔስ አንዲት ጀበና ቀጥ ብላ እንድትቆምልኝ ጭቃውን ስለምነው ነው የምውል!” ብላ ሳቀች። ከዚያ “አቤት ሸጋ ነገር! አቤት ሸጋ ነገር!” እያለች ደጋግማ አየችው። ቀና ስል አያ ካሴ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለታችንንም አይቶ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ለጉዞው ጉዳይ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሄድ የተናገረኝ አጭር ነበር። “እይ፤ አትንካ።” ክሪስታሎቹ ገና ትናንሽ ነበሩ፤ ለራጅ የሚሆኑት ትልልቆቹ ናቸው። እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ የሚያድጉ አይመስሉም። እሱ ሲመለስ ትልልቅ ክሪስታል ላሳየው፣ ይሄን የሠራህ አንተ ነህ እንዲለኝ፣ ያቺ የጉዞ ቃል እንዳትታጠፍብኝ ፈለግሁ። ቤታችን ጠጅ ይጣል ነበር። ጠጁ አልበስል ብሎ ሲዘገይ እናቴ ጌሾ ታክልበት ነበር። እኔም የቤቴን ጥበብ ይዤ የፈረንጁን ቱቦ ከፈትኩ። ጨው ጨመርኩ።

በመጀመሪያው ቱቦ ላይ ጨመርኩ። በማግስቱ ሳየው ያደገ መሰለኝ። ምኞቴ ነው ያሳደገው። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ቱቦዎች እየከፈትኩ ጨመርኩባቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፈሳሹ ደፈረሰ፤ ከታች ቆሻሻ ዝቃጭ ተኛ፤ ክሪስታሎቹ ተሰነጣጥቀው በዝቃጩ ውስጥ ጠፉ። አንድም አልተረፈም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጠዋት ነበርና ዘርፌ ማሰሮዋን ይዛ ገባች። ፊቴን አየች፤ ጋኑን ጎንበስ ብላ አየች።

“ሐኪም፣ ምነው ደፈረሰ?”

“አንቺ ሥራሽን ሥሪ” አልኳት። እንዲያ ተናግሬያት አላውቅም ነበር። አሸዋውን አጠጥታ ወጣች።

እሷ ስትወጣ አያ ካሴ ገባ። ምን ሆንክ አለኝ፤ ተበላሸ አልኩት። ወደ ጋኑ አየ፣ ወደ በሩ አየ።

“ያች ሴት አይታው የለም?” አለ።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ይለኛል፤ ግን የመጣሁት ለዚህ ነው። ምን መመለስ ነበረብኝ? “አያ ካሴ፣ ጨው ጨምሬበት ነው የተበላሸው” ማለት። ስንት ቃል ነው? አንዲት ትንፋሽ አይሞላም። እኔ ግን “አዎ፣ አይታዋለች” አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም፤ አይታዋለች። ዓይኗን በማጉያ መነጽር ላይ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ። እውነተኛ ቃል ይዤ እንዲያ ያለ ሥራ ሠራሁበት። አያ ካሴ አማተበና ወጣ። የሚነግራቸው ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበር።

ዶክተሩ ሲመለስ ለሱ ደግሞ ሌላ ነገር አዘጋጀሁለት። ቡዳ ነው ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል። ስለዚህ ሴትየዋ ውሃ ስታፈስ ጋኑን አናውጣዋለች፣ በዚህ ምክንያት ነው የደፈረሰው አልኩት። መናወጥ ክሪስታል እንደሚያበላሽ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለፈረንጁ ፈረንጁ የሚያምነውን፣ ለግቢው ሰው የግቢው ሰው የሚያምነውን ሰጠሁ። እኔስ በየትኛው አምን ነበር? በሁለቱም አላምንም፤ ጨዉን የጨመርኩ ራሴ ነኛ! ዶክተሩ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ንገራት አለኝ። እኔ ራሴ አልነገርኳትም። በአያ ካሴ አስነገርኳት።

በሩ ላይ ሲመልሳት በመስኮት አየኋት። ለምን እንደሆነ ነግሯታል መሰለኝ፤ ማሰሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን በዓይኗ ላይ አደረገች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የምታለቅስ አልነበረችም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ይበቃኝ ነበር። አላበቃም። የአያ ካሴ ትንሿ ልጅ ታመመች። በትኩሳት ትነዳለች፣ ትቃዣለች። ቤት ውስጥ ጭስ አጨሱባት፤ ማን ነው የበላሽ እያሉ ጠየቋት። ልጅቱ የሰማችው ስም የአንዲት ሴት ስም ነው፤ አባቷ ስንት ቀን ሙሉ ከቤቱ ሲያወራው የከረመው። ዘርፌ ብላ ለፈለፈች።

እናትዮዋ ግን ልቧ አላርፍ ብሏት ልጅቱን አዝላ ወደ ሐኪም ቤት መጣች። ደሟን የመረመርኩት እኔ ነኝ። መስታወቱን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቼ ስመለከት እንደ ተጠማዘዘ ክር ያሉ ተሐዋስያን በደሟ ውስጥ ይላወሳሉ። በቅማል የሚተላለፈው፣ እየሄደ የሚያገረሸው ትኩሳት ነው። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው፤ መርፌ ሲወጉት ይድናል። አያ ካሴ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

“ምን አገኘህባት?”

“ትኩሳት ነው። መርፌ ይሰጧታል፤ ትድናለች።”

“ትኩሳቱንስ ማን አመጣባት?” አለኝ።

ቅማል ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ያምነኝ ነበር ወይ? ምናልባት አያምነኝም ነበር። ምናልባት ደግሞ ያምነኝ ነበር፤ በእኔ ነጭ ካፖርት ላይ እምነት ነበረው። ጠርቼ በማይክሮስኮፑ ባሳየው ኖሮስ? ለዘርፌ ክሪስታሉን እንዳሳየኋት ለሱም ያን የሚላወስ ነገር ማሳየት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። የቅማሉን ብናገር የዘርፌ ነገር ይመጣል፣ የዘርፌ ሲመጣ የጨዉ ነገር ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው መስታወቱን አጠብኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሄዱ። ዘርፌን አልመቷትም ብለው ሲነግሩኝ ተመስገን አልኩ፤ እስኪ እዩኝ፣ እኔ ተመስገን ባይ! ፀሐይ ላይ ያሰጣቻቸውን ድስቶችና ጀበናዎች ግን አንድ ሳያስቀሩ ሰባበሩባት። ካገራችን ጥፊ አሏት። ጎረቤቶቿ የሷ ነገር ወደነሱ እንዳይተርፍ ፈርተው ዝም አሉ። ዘርፌ ልጇ ወዳለችበት ወደ ደምቢያ ወረደች። የአያ ካሴ ልጅ በመርፌው ዳነች፤ የግቢው ሰው ግን ዘርፌ ስለተባረረች ዳነች አለ። እኔም ሲሉ ሰማሁ።

ዶክተሩ እንደገና ጀመረ። በዘርፌ ጋኖች ውስጥ፣ እኔ አሸዋውን እያጠጣሁ፣ ክሪስታሎቹ እንደገና በቀሉ፤ ይህን ጊዜ አደጉ፣ አማሩ። ያን ሰሞን ምድር ቤቱ ምን ያህል ጭር እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ቀና እላለሁ፤ ንፋስ ነው። አያ ካሴ ከኔ ጋር ማውራት ይወድ ነበር፤ እኔ ግን ድምፁን ስሰማ በሩን እዘጋለሁ። ፒያሳ መውረድም ተውኩ። ከሰው ጋር ስሆን የማልናገረው ነገር ከፊቴ ላይ የሚነበብ ይመስለኝ ነበር።

ዶክተሩ ክሪስታሎቹን ይዞ ሲሄድ እኔን አልወሰደኝም። ለምን አላልኩትም። ዕቃውን ሲሸክፍ የጨዉን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘውና “ይሄ ያኔ ጎድሎ ነበር” አለኝ። ሌላ አልተናገረም። አውቆ ነበር ማለት ነው። አውቆ ሳለ ለምን ዝም አለ? አላውቅም፤ የሱ ነገር የሱ ነው። የበደሌን እኩሌታ ለሱ ላሸክመው ብዬ አይደለም ያነሣሁት። እሱ ዝም ያለው አንዴ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነው።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፤ ደመወዝ ተጨመረልኝ፤ ሰው የሚያከብረኝ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ከሐኪም ቤቱ ክትባት ሊሰጡ ከሚወጡ ባልደረቦቼ ጋር ኮላ ድባ ወረድን። የገበያ ቀን ነበር። እህሉን፣ በርበሬውን አልፈን ሸክላ ወደሚሸጥበት ደረስን። አንዲት አሮጊት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ ነጠላዋን ከራሷ እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች። ድስቶቿን ለገዥ የምታነሣው አጠገቧ ያለች ሕፃን ልጅ ናት። እኔ አላወቅኋትም። ጓደኛዬን ጮክ ብዬ ስጠራ ድምፄን አወቀችው።

“ሐኪም ነህ?” አለች ሳትዞር።

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እትዬ ዘርፌ አልኩ።

“አለሁ ልጄ። ያ ቀዩ ነገር... ዳግም በቀለ?”

“በቅሏል።”

“ተመስገን!” አለችና እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። “ተመስገን! ሌት ተቀን ስለምን ነበር። ይቅር በለኝ ሐኪም። አላይም ብዬህ ነበር፤ ደግ ሆነህ ብታሳየኝ ጊዜ ልቤ ወደደና አየሁት። ድሮ ሰው ሲለኝ ያንገበግበኝ ነበር፤ በሐሰት ነው እል ነበር። ያን ጊዜ ነው ያመንሁት። ለካ ሳላውቀው አለብኝ። የለፋህበትን አጠፋሁብህ፤ ያችን ሕፃንም ልገድላት ነበር።”

ወደ ሕፃኗ አየሁና ይቺ የማን ናት አልኳት።

“የልጄ ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ቀረችብኝ፤ እኔ ነኝ የማሳድጋት። ሸጋ ናት ይሉኛል።”

“ይሉኛል?”

“እኔማ እንዴት ብዬ አያታለሁ?” አለችና እጇን ወደ ጎን ሰድዳ የልጅቱን ራስ ፈልጋ ዳሰሰቻት። በጣቶቿ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን ነካካቻት። ልጅቱ ለምዳዋለች፤ ፊቷን አስጠግታ ዝም ብላ ትዳሰስ ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፣ ባልደረቦቼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ይሰሙ ነበር። አንደኛው ፒያሳ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነው። እነሱ ባይኖሩ እናገር ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ እፈራለሁ፤ እነሱ ባይኖሩም አልናገርም ነበር ይሆናል። የሚያስፈልገው አጎንብሼ በጆሮዋ “ጨው ጨምሬበት ነው፤ ዓይንሽ ንጹሕ ነው” ማለት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነጠላዋን ገልጣ ልጅቱን ታያት ነበር። ከጎኗ ነበረች እኮ፤ መዞር ብቻ ነበር የሚቀራት። እሷ ይቅር በለኝ ብላኝ ትጠብቃለች። እኔ ምን አልኩ? ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ እንደ ልማዱ የሚለውን ቃል አልኩ።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኳት።

ይቅር አልኳት። እኔ፣ እሷን። አጎንብሳ መሬቱን ሳመች፤ “እግዜር ይስጥልኝ፤ ቀለለኝ” አለች። ከድስቶቿ አንዱን በልጅቱ እጅ አስሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ይዤው ወደ ማኪናው ተመለስኩ፤ ባልደረባዬ ማን ናት ሲለኝ ድሮ ትሠራልን የነበረች ሴት ናት አልኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ነበር፤ እኔ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ምን እንደሚሉ አልሰማም ነበር።

ተመልሼ ልሄድ አሰብኩ። ከክረምት በኋላ አልኩ፤ ከጾም በኋላ አልኩ፤ ሥራ ሲቀለኝ አልኩ። ከደምቢያ ሸክላ የሚያመጣ ነጋዴ ጠይቄ መሞቷን ሰማሁ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አላነሣችም አለኝ፤ ሰው ሁሉ ዓይኗ የታመመ መስሎት ነበር ይባላል።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ኮላ ድባ ስሄድ ወጣት አልነበርኩም። የዘመኑ ሰው እንዲያ ያምን ነበር አልልም፤ እኔ አላምንም ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፤ መፍራቴ እውነት ነው፣ ግን እሷም ፈርታ አላይም ብላኝ ነበርና የኔ ፍርሃት ከሷ ፍርሃት አይበልጥም። አሁን ሸምግያለሁ። ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን እተኛለሁ፤ ጎረቤቶቼ ጨዋ ሽማግሌ ነው ይሉኛል። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ባለመኖሩ አላማርርም። የሚገባኝ እሱ ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ከነፍስ አባቴም ገና አልለመንኩም፤ እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፣ እኔ ዘርፌን ይቅር እንዳልኳት በቀላሉ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ያቺ ሕፃን በሕይወት ካለች ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ኮላ ድባ አካባቢ፣ ሸክላ ሠሪ አያቷ ፊቷን በጣቷ እየዳሰሰች ያሳደገቻት ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህን አንብቡላት። አያትሽ አንቺን ሳታይ የሞተችው ዓይኗ ክፉ ስለነበረ አይደለም፣ አንድ ሰው ስለዋሸ ነው በሏት። ሰውየውንም ንገሯት፤ ጎንደር ነው ያለው፣ አልሞተም። መጥታ ልታየኝ ብትፈልግ ፊቴን አላዞርባትም።